እጅ አይለምድም

«እጅ ይለምዳል።» ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ አላውቅም። በረኪና በባዶ እጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንደሆነ ግን አልጠራጠርም። ደሴ ውስጥ በየሰፈሩ ይባላል፤ በሸዋበር፣ በሆጤ፣ በሰኞ ገበያ፣ በቧንቧ ውሃ። ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ሥራ በጀመረች በወሯ ጣቶቿ ይቀላሉ፣ ይላጣሉ፣ መገጣጠሚያቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። ፈራ ተባ እያለች «እትዬ፣ እጄን አቃጠለኝ» ትላለች። እትዬም ከተቀመጡበት ሳይነሱ «አዲስ ስለሆንሽ ነው፤ እጅ ይለምዳል» ይሏታል። ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

እኔ አልዘጋውም። ውሸት ነው። ለዓመታት ስንቀባበለው የኖርነው፣ ለእኛ የሚመች፣ ለሷ የሚያቆስል ውሸት ነው።

በረኪና ምንድን ነው? ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ኬሚካል በውሃ የሟሟበት፣ ቶሎ እንዳይበላሽ ኮስቲክ ሶዳ የገባበት ፈሳሽ ነው። የሰው ቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ነው። የበረኪና ከ11 እስከ 13 ይደርሳል። በረኪና የነካ ሰው ሁሉ ጣቱ ሲያሙለጨልጨው ያውቃል። ያ ማሙለጭለጭ ምን ይመስላችኋል? ሳሙና የሚሠራው ቅባትና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ ነው። ባልዲው ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ቅባቱ የሚመጣው ግን ከልጅቷ ቆዳ ነው። የገዛ እጇ ቅባት ሳሙና ሆኖ ከእድፉ ጋር ይደፋል። ሃይፖክሎራይቱ ደግሞ የቆዳዋን ፕሮቲን ያጠቃል። ቅባቱን ያጣ ቆዳ እርጥበቱን መያዝ ያቅተዋል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ በኩል የነገው በረኪና ከትናንቱ ጠልቆ ይገባል። ልስኑ የረገፈ የጭቃ ግድግዳ ዝናቡን ለምዶት ያውቃል?

ከወራት በኋላ ቆዳዋ ሲሻክርና ሲደድር «አያችሁ፣ ለመደች» ይባላል። የለመደችው ዝም ማለትን ነው።

ያ እጅ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ከባልዲው ወደ ጓዳ ይሄዳል። ሽንኩርት ይከትፋል። በርበሬ ያሻል። ሊጥ ያቦካል። የኮመጠጠ የጤፍ ሊጥ በተሰነጠቀ ጣት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሰማ የሚጠራጠር ሰው ካለ ጣቱን በምላጭ ጭሮ ይሞክረው። ልጅቷ ሙስሊም ከሆነች በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ ውሃ ስታስነካው ያንገበግባታል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ደሴ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። እዚህ የኅዳር ብርድ ያለ ምንም ኬሚካል ከንፈርና እጅ ይሰነጥቃል። ውሃው በፈረቃ ነው። በሮቶና በጀሪካን የተጠራቀመ ውሃ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚቆጠበው ምንድን ነው? የሰሃኑ ማለቅለቂያ? የልብሱ? አይደለም። የልጅቷ እጅ መለቃለቂያ ነው። በረኪናው እጇ ላይ ይደርቃል።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እዚሁ አጠገባችን ነው። በዓይንና በቆዳ ሕክምና ስሙን ያተረፈ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየአቅጣጫው ሲመጡበት የኖረ ሆስፒታል ነው። ለቆዳ ችግር ሩቅ አገር መሄድ የማያስፈልገው ከተማ ቢኖር ደሴ ነው። ግን ለልጅቷ ማን ቀን ይሰጣታል? «ለእጅ መሰንጠቅ ሆስፒታል?» ተብሎ ይሳቅባታል። አዘንኩ ያለች እመቤት ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የስቴሮይድ ቅባት ገዝታ ትሰጣታለች። ቅባቱ ለጥቂት ቀን ያስታግሳል፤ ሳይቋረጥ ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል። የሳሳ ቆዳ ተመልሶ በረኪና ውስጥ ይነከራል። የትኛውንም የቆዳ ሐኪም ብትጠይቁ የመጀመሪያው መድኃኒት አንድ ነው፤ ንክኪውን ማቆም። ንክኪው ሳይቆም የሚቀባ ቅባት ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቤቱን አልጠራም። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ልጅቷ ስኒውን ስታቀብለኝ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ልትሸፍን ትሞክራለች። ጣቶቿ ቀይ ነበሩ። የአውራ ጣቷ ስንጥቅ ደም አርግዟል። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። የቤቱ እመቤት ቀድማ መለሰች፦ «በረኪና ነው፤ እሷ ደግሞ ስስ ናት።» ጓንት ለምን አይገዛላትም አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዷ ፈንዲሻ ዘገነች፣ አንዷ ስልኳን ነካካች። በጨዋ ቤት ነውር የተናገርኩ ይመስል ወሬው ወደ ሌላ ተወሰደ። ስወጣ ግን ከተጋበዙት ሴቶች አንዷ እስከ በር ድረስ ተከትላኝ መጥታ በሹክሹክታ «እኔም ሁልጊዜ የማስበው ነገር ነው» አለችኝ።

ታዲያ ለምን በሹክሹክታ? ለምን በር ላይ? ስለ እጅ መቁሰል ለመናገር የሚያስፈራው ምንድን ነው? ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ እንደሷ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። አይታችኋል። ሰቅጥጧችኋል። ዝም ብላችኋል። ከዝምታችሁ ጀርባ ያለውም ይታወቃል፤ የጎረቤትን ሠራተኛ እጅ ያነሳ ሰው የራሱን ሠራተኛ እጅ ማየት ግድ ይሆንበታል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ክሎሪንን አልጠላም። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴመልዌይስ የተባለ ሐኪም የሥራ ባልደረቦቹን በክሎሪን ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ ባስገደዳቸው ጊዜ የወላድ እናቶች ሞት ቁልቁል ወርዷል። እዚህ አገርም «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያ በውስጡ ያለው ያው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ጥቂቱ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ያክማል፣ ልጅን ከተቅማጥ ያድናል። ኬሚካሉ የሚያድነው በልክ ነው። እኛ ቤት ግን ልክ የሚባል ነገር የለም። «ጨምሪበት፣ ይሽተት!» ነው ትእዛዙ።

ይሽተት! የችግሩ ሥር እዚህ ጋ ነው። ንጽሕናን በአፍንጫ መለካት ጀምረናል። እንግዳ ሊመጣ ሲል ወለሉ ላይ በረኪና ይረጫል፤ እንግዳው ገና ደጃፉ ላይ ሲደርስ እንዲሸተው። የኢድ ዋዜማ፣ የፋሲካ ዋዜማ ግቢው ሁሉ ዓይን ያስለቅሳል። ያልሸተተ ቤት አልጸዳም፣ ያልሸተተ ሽንት ቤት ነውር ነው። ይህን ያስተማረን ማነው? በረኪና ጀርም ይገድላል እንጂ ቅባትና እድፍ አያወጣም። ቅባትና እድፍ ያለበት ቦታ ላይ ሲፈስ ኃይሉን በእድፉ ላይ ጨርሶ ጀርሙን ሳይነካው ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና መታጠብ አለበት፣ ከዚያ ካስፈለገ በቀጭኑ የተበረዘ በረኪና ይከተላል። አብዛኛው የቤት ወለል ሁለተኛውን ጭራሽ አይፈልገውም። ሳሎን ምን ጀርም ተገኝቶበት ነው በየቀኑ በበረኪና የሚታጠበው? ማን ታሞበት ነው? ልጅቷ የምትቆስለው ለጤና ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነበር። የምትቆስለው ለሽታ ነው።

በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ይህ እብደት ጣራ ነካ። በየበሩ በረኪና በመርጫ ተይዞ የሰው እጅና ልብስ ይረጭ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ላይ ፀረ ተህዋስ መርጨት ጎጂ ነው፣ አታድርጉት ብሎ ነበር። ለዕቃ ገጽ ማጽጃ የመከረው ደግሞ 0.1 በመቶ የሆነ ቀጭን ውህድ ነው። በመቶ 5 የሆነ በረኪና ካላችሁ 1 እጅ በረኪና ከ49 እጅ ውሃ ጋር ማለት ነው። አርባ ዘጠኝ! በእናንተ ቤት ባልዲው ውስጥ ሲገባ አይታችሁታል? በክዳን ነው ወይስ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ?

በመቶ 5 መሆኑንስ በምን ታውቃላችሁ? ግማሹ በረኪና የሚሸጠው ስም በሌለው ሀይላንድ ነው። ከበርሜል ተቀድቶ፣ ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ቀን፣ ያለ መጠን። የዛሬው ውሃ ነው፤ የነገው እሳት ነው። ማንም አያውቅም፤ የልጅቷ እጅ ብቻ ያውቃል። ውሃ የጠጣንበት ጠርሙስ፣ ውሃ የሚመስል ፈሳሽ፣ ሕፃን የሚደርስበት ቦታ፣ ከመታጠቢያው ሥር። ሞቃቱ ኮምቦልቻ ውስጥ ሲጫወት ውሎ የተጠማ የሦስት ዓመት ልጅ ያንን ሀይላንድ ሲያገኝ ምን ያደርጋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? በረኪና የጉሮሮን ስስ ሥጋ ያቃጥላል። ከዚያ ቤተሰቡ በድንጋጤ ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ያስመልሰዋል፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል። ማስመለስ የለበትም። አፉን አጉመጥምጦ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ይህን የሚያውቅ ስንት ቤት አለ? የሚሸጠው ባለሱቅስ ያውቃል? ለሻይ ቅጠል ቀን ይጻፍበት የምንል ሰዎች ለዚህ ምነው ድምፃችን ጠፋ?

ወደ ሽንት ቤቱ እንሂድ፤ ማንም መሄድ የማይፈልግበት፣ ልጅቷ ግን በየቀኑ ተንበርክካ የምትፈጋበት ቦታ ነው። መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም የእጅ መዳፍ የምታክል ነው። በሩ «ሽታው ሳሎን እንዳይገባ» ይዘጋባታል። ልጅቷ ውስጥ ናት፤ ሽታውም ውስጥ ነው። የደረቀ ሽንት ላይ በረኪና ሲፈስ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ደረት ያፍናል። ይህ ሳያንስ «ነጭ አላለም» ተብሎ የሽንት ቤት አሲድ ይጨመርበታል። አንዳንዷ አቼቶ ትጨምራለች፤ አንዳንዷ ሎሚ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን ጋዝ ምን እንደሆነ ታሪክ ይናገር፦ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ጀርመኖች ኢፕር በተባለው የቤልጂየም ግንባር በጠላቶቻቸው ላይ የለቀቁት ጋዝ ነው። ወታደሮች ምሽጋቸውን ጥለው የሸሹት ከዚህ ነው። ልጅቷ ወዴት ትሽሽ? በሩ ተዘግቷል።

«እያጋነንክ ነው» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ6,000 በላይ ሰዎችን ለ20 ዓመታት የተከታተለ ጥናት አወጡ። በጽዳት ሥራ የኖሩ ሴቶች የሳንባ አቅም ከሌሎቹ ፈጥኖ ሲወርድ አገኙት፤ መጠኑንም በቀን 20 ሲጋራ ከ10 እስከ 20 ዓመት ከማጨስ ጋር አነጻጸሩት። ያ እንግዲህ አውሮፓ ነው። መስኮት ያለበት፣ ጓንት ያለበት፣ ጠርሙሱ ላይ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት አህጉር ነው። ባሏ ቤት ውስጥ ሲጋራ ቢያጨስ በልጆቼ ሳንባ ብላ የምትጮህ እመቤት የሠራተኛዋ ሳል ለምን አይሰማትም? «ይቺ ልጅ ጉንፋን አይለቃትም» ትላለች። ጉንፋኑ የሚነሳው ለምን ሽንት ቤት በምታጥብበት ቀን ብቻ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃ ታውቃለች?

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ግቡ። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ኬሚካል የሚነካ የፋብሪካ ሠራተኛ ጓንት ቢከለከል የሠራተኛ ማኅበሩ ይጮሃል፤ መጮህም አለበት። ያው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ቀን ፋብሪካው ውስጥ በጓንት ነክቶት የዋለውን ዓይነት ኬሚካል አንዲት ልጅ በባዶ እጇ ስትዘፍቅበት ያያል። ምንም አይመስለውም። ኬሚካሉ የፋብሪካውን በር ሲያልፍ ተለወጠ? ወይስ እጁ ነው የተለየው?

ሕጉም ራሱ ያሳፍራል። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ ውጭ ያደርጋል፤ ማለትም የቤት ሠራተኛን። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰንላት ጽፎ አለፈ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን፣ ያ በንጉሡ ዘመን የወጣ ሕግ፣ አብራው ለምትኖር ሠራተኛ ጤና አሠሪው ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ይላል። እንግዲህ «ሕግ የለም» አትበሉኝ። ሆቴሎቹማ ጭራሽ ማምለጫ የላቸውም። ሆቴል ለትርፍ ነው የቆመው፤ አዋጁ ሙሉ በሙሉ ይመለከተዋል። በአዲስ አበባና መቀሌ መንገድ ዳር በተደረደሩት የኮምቦልቻና የደሴ ሆቴሎች ስታድሩ ክፍሉ በረኪና በረኪና ሲሸት «ንጹሕ ሆቴል ነው» ብላችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ባልዲ ይዛ የምታልፈውን ሴት እጅ እዩ። ከዚያ ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ፤ ጓንቷ የት አለ? ለዋይፋይ መቆራረጥ ለመጮህ የማታፍሩ ለዚህ ለምን ታፍራላችሁ?

አሁን ወደሚያመው ልምጣ። ወሎ ልጆቿን ወደ አረብ አገር በብዛት ከላኩት አካባቢዎች አንዷ ናት። ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከሐይቅ፣ ከሐርቡ፤ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤሩት፣ ኩዌት ያልሄደባት ቤት ፈልጋችሁ አግኙ። እህቶቻችን ተመልሰው ሲመጡ የሚነግሩንን ሰምተናል። ክሎሮክስ የሚባለው በረኪና በባዶ እጅ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ወለል፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መታፈን፣ «እጄ ቆሰለ» ስትል «ሥሪ!» መባል። ስንሰማ አልቅሰናል። «አረመኔ እመቤት» ብለናል። ፊታችንን ነጭተናል።

እና ያው ቤት፣ ያው ሳሎን፣ ያው ለቅሶ የተለቀሰበት ሶፋ ፊት ለፊት፣ ከተንታ የመጣች ልጅ በቆሰለ እጅ ቡና ታቀርባለች። ልጃቸው ቤሩት በክሎሮክስ የተቃጠለችባቸው እናት ለሰው ልጅ ጓንት አይገዙም! ምን ይባላል ይሄ? በሰው ቁስል እንጨት ስደድ ከማለት ሌላ ምን ይባላል? የቤሩቷ እመቤት አረመኔ ከሆነች የደሴዋ ምንድን ናት? ወይስ ልዩነቱ የኛዋ አማርኛ ስለምትናገርና ለበዓል ሻሽ ስለምትገዛላት ነው? ስለ ወሎ ደግነት፣ ሙስሊምና ክርስቲያኑ በአንድ መሶብ ስለመብላቱ ሌሊቱን ሙሉ ማውራት እንችላለን። እውነትም ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። መሶቡን የሚያቀርበው እጅ ግን ደም እየደማ ደግነት አለ ማለት አልችልም።

ሰበቦቹን ሁሉ ሰምቻለሁ። «እናቶቻችን ያለ ጓንት ነው ያጠቡት» ይባላል። እናቶቻችን ያጠቡት በእንዶድ ነው! ጋቢው በእንዶድ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ ነጭም ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዚያን መከላከያ ያገኙት። እንዶድም ቢሆን ሲወቀጥ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ የዋህ አይደለም። ግን እንዶድና ከበርሜል የተቀዳ ሃይፖክሎራይት በየትኛው ሚዛን ነው እኩል የሆኑት? እናቶቻችንን ለስስታችን ምስክር አድርገን አናቁማቸው።

«እኔም በእጄ ነው የማጥበው» የምትልም አለች። እሺ። አንቺ በሳምንት አንድ ቀን የራስሽን ካልሲ ታጥቢያለሽ፤ ሲያቃጥልሽ ታቆሚያለሽ፣ ታጥበሽ ሎሽን ትቀቢያለሽ። እሷ ሲያቃጥላት ማቆም ትችላለች? ልዩነቱ እሱ ነው፤ ሌላ ልዩነት የለም። የራስሽንም እጅ ቢሆን ማን ይቃጠል አለሽ?

«ኑሮ ተወዷል፤ ጓንት ከየት ይመጣል» ለሚለው መልስ መስጠት ራሱ ያናድደኛል። አንድ ጥንድ የጎማ ጓንት ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ያንሳል። ያን ቡና አንድ ሳምንት ሳይሞላ ጠጥታችሁታል። በረኪናውንም በልክ ብትጠቀሙት ወጪው ይቀንሳል፤ ጓንቱን የሚገዛው እሱ ራሱ ነው። ኑሮ መወደዱ እውነት ነው። የሚከፍለው ግን ለምን ሁልጊዜ ያው እጅ ይሆናል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እስከ መቼ?

ስለዚህ ነገ ጠዋት የሚደረገው ይህ ነው። ሳሎኑ በሳሙና ይታጠብ፤ በረኪና የሚፈልገው የታመመ ሰው ያለበት ክፍል፣ ሽንት ቤቱና ጥሬ ሥጋ የነካው ሰሌዳ ነው፤ እሱም ተበርዞ፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ከአሲድ ጋር፣ ከአቼቶ ጋር፣ ከምንም ጋር አይቀላቀል። ሽንት ቤቱ መጀመሪያ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ፣ ከዚያ በኋላ ነው በረኪናው፤ በሩ ተከፍቶ። ሽታው ሳሎን ከገባ ይግባ! ሳሎን ውስጥ ለአምስት ደቂቃ መቆም ያልቻላችሁበት አየር ውስጥ እሷ ግማሽ ሰዓት ስትቆይ ነበር። ሥራው ሲያልቅ እጇን የምትለቃለቅበት ንጹሕ ውሃ፣ የፈረቃው ውሃ ቢያልቅም ባያልቅም፣ ተለይቶ ይቀመጥላት። ቫዝሊኑም ከልጆቻችሁ መቀቢያ ተለይቶ ለሷ ይሰጣት። በረኪናው የመጣበት ሀይላንድ ላይ ወፍራም አድርጋችሁ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት። ቆዳዋ የቆሰለ እንደሆነ ቀን ስጧት፤ ቦሩ ሜዳ ትሂድ፣ የታክሲዋንም ክፈሉ።

«ጓንት ብገዛላትም አትለብሰውም» የሚለውን ደግሞ ለመጨረሻ ያቆየሁት በጣም ስለሰለቸኝ ነው። አትለብሰውም ይላሉ። የትኛውን? ያን የተቀደደውን? ያን የጋሼ እጅ እንኳ የሚዋኝበትን ሰፊ? ከትናንት ወዲያ ውስጡ በረኪና ገብቶበት እርጥብ እንዳለ የተቀመጠውን? እርጥብ ጓንትማ ኬሚካሉን ቆዳዋ ላይ ጠፍሮ ይይዘዋል፤ ባትለብሰው እውነት አላት። መጀመሪያ ደህናውን ግዙላት። በልኳ። ሁለት ጥንድ፤ አንዱ ተገልብጦ ሲደርቅ ሌላውን የምታደርገው። ለብሳ ስትሠራ «ዛሬስ ዶክተር ሆነሻል» ብሎ የሚስቅባትን የቤት ልጅ ዝም አሰኙት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ከዚያ በኋላ አልለብስም ካለች፣ ያኔ ኑና እንነጋገር።